ገንዘቡ ተከፍሎ ውሃው ያልቆመበት መታጠቢያ ቤት፦ ከጥገና ባለሙያ ጋር የሚነሳ አለመግባባት እንዴት ይፈታል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ዱባይ የሚኖሩ አንዲት ጠያቂ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እናታቸው የሚኖሩበት ቤት አላቸው። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ወደ ታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ስለሚያንጠባጥብ፣ በወንድማቸው በኩል አንድ የጥገና ባለሙያ አግኝተው ቧንቧውንና ሴራሚኩን በሙሉ እንዲቀይር፣ ቁሳቁሱን ጨምሮ በ180,000 ብር ቁርጥ ዋጋ ተስማሙ። ስምምነቱ በቃልና በቴሌግራም ነው። 130,000 ብር ከተከፈለ በኋላ ባለሙያው «ሥራው ጨምሯል» ብሎ ከቀሪው 50,000 ብር በላይ ሌላ 45,000 ብር ጠየቀ፤ ሲከለከል ሥራውን አቁሞ ስልክ ማንሳት ተወ። ውሃው ደግሞ እንደገና ማንጠባጠብ ጀምሯል። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦ «የጽሑፍ ውል ስለሌለኝ መብት የለሽም ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ቀብድ በሕግ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል ብለውኛል። በፖሊስ ላስይዘው ወይስ ሌላ ሰው አስገብቼ ላስጨርስ? የታችኛዋ ጎረቤት ኮርኒሷን እንዳሠራላት በየቀኑ ትደውላለች።»

ዛሬውኑ መደረግ ያለበት ነገር ከባለሙያው ጋር ያለውን ክርክር አይመለከትም። ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚገባውን ውሃ የሚቆጣጠረውን ጌትቫልቭ ያዘጉ፤ እናትዎ ለጥቂት ቀናት ከወጥ ቤት በባልዲ እየተቀዳላቸው ይጠቀሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የአንድ ሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ኮርኒስ በመጀመሪያ ደረጃ የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ለእሷ የከፈሉትን ከእሱ ይጠይቃሉ እንጂ «እሱን ጠይቂው» ብለው ሊመልሷት አይችሉም። በተጨማሪም ይኸው ሕግ በቁጥር 1802 ውል የተጓደለበት ወገን ጉዳቱ እንዳይበዛ፣ ብዙ ወጪና ችግር ሳያስከትልበት ሊወስደው የሚችለውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል። ጌትቫልቩ ሳይዘጋ በቆየ ቁጥር የሚጨምረውን ጉዳት ነገ ከባለሙያው ለመጠየቅ ይቸገራሉ።

የጽሑፍ ውል ስለሌለዎት መብት የለዎትም የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። ሰዎች የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ስለሚያውቁ ቤትን የሚነካ ስምምነት ሁሉ እንዲሁ ይመስላቸዋል። የጽሑፍ ግዴታው ያለው በቁጥር 1723 እንደተመለከተው የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነትና መሰል መብቶችን በሚያቋቁም ወይም በሚያስተላልፍ ውል ላይ ነው። መታጠቢያ ቤት ለማደስ የተደረገ ስምምነት ግን የማንንም ባለቤትነት አያስተላልፍም፤ ሕግ ልዩ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር ውል በማናቸውም መልክ ሊደረግ እንደሚችል ቁጥር 1719 ይናገራል። የእርስዎ ችግር ሌላ ነው፤ ምን እንደተስማማችሁ ማስረዳት መቻል አለብዎት። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኞቹ፣ የቴሌግራም መልእክቶቹ፣ የድምፅ መልእክቶቹ፣ ባለሙያው ሥራ ላይ እያለ የላካቸው ፎቶዎች በሙሉ ማስረጃ ናቸው። ነገር ግን በቴሌግራም አንዱ ወገን የጻፈውን መልእክት ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ያየሁትም ክርክሩ ሲከር ዋጋው የተጠቀሰበት መልእክት ብቻ ተለይቶ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደጨረሱ ንግግሩን በሙሉ ከነቀኑ በስክሪን ፎቶ አንስተው፣ የድምፅ መልእክቶቹንም አውርደው ከስልክዎ ውጭ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ስለ ቀብድ የሰሙት ግማሹ እውነት ነው፤ ጥፋት የሚያደርሰውም ይኸው ግማሽነቱ ነው። በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያስረዳል፤ በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ፣ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል። እጥፍ መመለስ እንግዲህ ከውሉ ለመውጣት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ሥራ ለጀመረና ሥራውን በመጥፎ ሁኔታ ለሠራ ሰው የተደነገገ ቅጣት አይደለም። እርስዎ የሰጡት 130,000 ብር በሦስት ጊዜ የተላለፈ፣ ቧንቧና ሴራሚክ የተገዛበት፣ የእጅ ዋጋም የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ይህ ቅድሚያ ክፍያ ይባላል። በደረሰኙ ምክንያት ላይ «ቀብድ» ተብሎ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ሥራው ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ 260,000 ብር ይመለስልኝ ብሎ መነሳት አያዋጣም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበ ሰው በሽማግሌ ፊት ተአማኒነቱን ያጣል፤ ተገቢ የሆነው ጥያቄውም አብሮ ይዳከማል።

ወደ ፖሊስ መሄድንም እንዲሁ በጥንቃቄ ይመልከቱት። ውልን አለመፈጸም በራሱ ወንጀል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን፣ በአንቀጽ 675 ደግሞ እምነት ማጉደልን ያስቀጣል፤ ሁለቱም ግን ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆኑን ይጠይቃሉ። ባለሙያው ከመነሻው ሥራውን ላይሠራ በሐሰት ተናግሮ ገንዘብ ተቀብሎ ከሆነ፣ ወይም ለሴራሚክ መግዣ ብለው የሰጡትን ገንዘብ ዕቃ ሳይገዛበት ለራሱ አውሎት ከሆነ የወንጀል አቤቱታ መሠረት ሊኖረው ይችላል። ሦስት ሳምንት ከሠራተኞቹ ጋር የሠራ፣ ቧንቧ የዘረጋ፣ ሴራሚክ የለጠፈ ሰው ግን እንደ አታላይ የሚታይበት ምክንያት ቀላል አይደለም። ፖሊስ ጋ ሄደው «ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው» ተብለው ከተመለሱ ባለሙያው ይህን እንደ ድል ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ለንግግር ማስቀመጥ ከባድ ይሆናል። ሰውን አስፈራርቶ ገንዘብ ለማስመለስ ብቻ ሲባል የወንጀል ክስ ማንሳትን በጽኑ እቃወማለሁ።

በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሳው፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማስቀድመው ጉዳይ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። እርስዎ የባለሙያው ጥፋት መሆኑን እርግጠኛ ሆነው ጽፈዋል። በሲቪል ምህንድስና ሙያዬ የእድሳት ሥራዎችን ስቆጣጠርና በእንዲህ ያሉ ክርክሮች መካከል ስጠራ እንዳየሁት፣ ከታች የሚታየው እርጥበት ምንጩን አይናገርም። ውሃ በሊሾው ውስጥ ተስቦ ሄዶ ከምንጩ ሁለት ሜትር ርቆ ሊወጣ ይችላል። ሦስት የተለያዩ ምንጮች አሉ፤ ተጠያቂውም እንደ ምንጩ ይለያያል።

የመጀመሪያው የንጹሕ ውሃ መስመር ነው። በቤቱ ያሉት ቧንቧዎች በሙሉ ተዘግተው ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ የምትዞር ከሆነ መስመሩ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ ጌትቫልቭ ሲዘጋ መዞሯን ካቆመች ችግሩ ያለው በአዲሱ መስመር ላይ ነው። ይህን ፈተና ውሃ በሚመጣበት ቀን ያድርጉት። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ሰፈር ውሃ በጠፋባቸው ቀናት በመስመሩ ላይ ግፊት ስለማይኖር ኮርኒሱ ይደርቃል፤ ባለሙያውም «ይኸው ቆሟል» ይላል፤ ውሃው ሲመለስ ግን እንጥብጣቢው ይመለሳል። ቤቱ የራሱ ሮቶ ካለው ግፊቱ ስለማይቋረጥ ይህ ልዩነት ላይታይ ይችላል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚዘረጋው ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚጋጠመው በማሽን ተሞቆ ነው፤ ማሽኑ ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው ቧንቧ 5 ሰከንድ ያህል መሞቅና ወዲያው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ማሽኑ በደንብ ሳይግል ተጣድፎ የተጋጠመ ቧንቧ ዕለቱን አያፈስስም፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ላብ እንደሚያልብ ሰው ቀስ እያለ ማርጠብ ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ ያለ ጥርጥር የባለሙያው ነው። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩን ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ግፊት መፈተን ይገባው ነበር።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ሴራሚክ በራሱ ውሃ አይከለክልም፤ በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገባው ነጭ ሲሚንቶም ውሃ ያሳልፋል። ውሃ የሚያቆመው ከሴራሚኩ ሥር ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ፣ ሻወሩ ባለበት በኩል ደግሞ እስከ ሰው ቁመት ደርሶ የሚሠራው የውሃ መከላከያ ቅብ ነው። ወለሉን ለመፈተን የወለል ማስወገጃው በፕላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ይደፈናል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፤ የውሃው ከፍታ ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይታያል። ከመሙላትዎ በፊት ለጎረቤትዎ ተናግረው ዕቃቸውን ያስነሱ። ውሃው በግልጽ ከቀነሰ ወይም ታች እርጥበቱ ከጨመረ ቅቡ የለም ወይም ተበላሽቷል። እዚህ ላይ ተጠያቂነቱ የሚወሰነው በስምምነታችሁ ይዘት ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የሕንፃው የጋራ ቆሻሻ ማስወገጃ ቱቦ ነው። እናትዎ ሳይታጠቡ፣ ጌትቫልቩ ተዘግቶ ሳለ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ሲታጠቡ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ምንጩ እሱ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደርና የመጠገን ኃላፊነት የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። እንዲህ ከሆነ የእርስዎ ባለሙያ ባላጠፋው ጥፋት ሊከሰስ ነበር ማለት ነው። ሦስቱ ፈተናዎች አንድ ላይ ከሦስት ቀን በላይ አይወስዱም፤ ከወር ክርክርም ያድናሉ።

አሁን ወደ «ሥራው ጨምሯል» እንምጣ። የላኩልኝን የመልእክት ቅጂ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። እርስዎ ከዱባይ «ዘመናዊ ይሁን» ብለው የሴራሚክ ፎቶ ልከዋል። ወንድምዎ በስልክ ምን እንዳሉት አይታወቅም። እናትዎ ደግሞ ሠራተኞቹ ቤት ውስጥ ሳሉ የወጥ ቤቱን የዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ እንዲቀይሩላቸው ጠይቀው፣ ቡና አፍልተው አስቀይረዋል። ባለሙያው ለሦስት አዛዦች ሲሠራ ነበር፤ ከሦስቱ አንዳችሁም ሌላው ያዘዘውን አታውቁም። በአገራችን የእድሳት ሥራ ላይ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው ብል የማጋነን አይመስለኝም፤ ሌብነት ከሚባለው ይልቅ ያልተነገረ ጭማሪ ነው ሰውን የሚያቃቅረው። ባለሙያው «እናቴን የመሰሉ ሴት ጠይቀውኝ እንዴት እምቢ ልበል» ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ እርስዎም «እኔ አላዘዝኩም» ማለትዎ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚኖሩት እናትዎ አዝዘው የተሠራላቸው ሥራ ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል። የወጥ ቤቱን ጭማሪ ይቀበሉ።

ሌላው ጭማሪ ግን የተለየ ነው። ባለሙያው ከ45,000 ብሩ ውስጥ አብዛኛው «የሴራሚክ ዋጋ ስለጨመረና ወለሉ ሲፈርስ ያልታሰበ ሥራ ስለመጣ» ነው ብሏል። እዚህ ላይ በቀን ሂሳብ ማሠራትንና በቁርጥ ማሠራትን መለየት ያስፈልጋል። በቀን ሂሳብ የሚሠራ ሰው የሚሸጠው ጊዜውንና ጉልበቱን ነው፤ ሥራው ቢረዝም የሚከፍለው አሠሪው ነው። በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2610 እንደተገለጸው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የገባ ተቋራጭ ነው። የእናንተ ስምምነት ቁሳቁሱን የሚጨምር ቁርጥ ዋጋ በመሆኑ፣ በተለመደው መጠን የገበያ ዋጋ ቢጨምር ጭማሪው የእሱ ነው፤ ቢቀንስም ትርፉ የእሱ በሆነ ነበር። ውጤቱም ውሃ የማያንጠባጥብ መታጠቢያ ቤት ነው። እርስዎ ሥራውን የሰጡት ውሃ እንዲቆም መሆኑን በመጀመሪያው መልእክትዎ ላይ ጽፈዋል፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ማስረጃዎ ትበልጣለች። ስለዚህ «የውሃ መከላከያ ቅብ በዋጋው ውስጥ አልነበረም» ቢል ተቀባይነት የሚኖረው አይመስለኝም፤ ቅቡን ሳይቀባ ውሃውን ሊያቆም አይችልምና ሥራውን ሲቀበል ይህን ሊነግርዎት ይገባው ነበር። ቁሳቁሱን እርስዎ ገዝተው እሱ የእጅ ዋጋ ብቻ ቢቀበል ኖሮ መልሴ በከፊል ይለወጥ ነበር፤ በገዛ ገንዘብዎ ከመርካቶ ያስገዙት ርካሽ መገጣጠሚያ ቢሰነጠቅ ለዚያ ባለሙያውን መውቀስ አይቻልምና።

ሌላ ባለሙያ ወዲያው ማስገባት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ይህን ከሁሉ አብልጬ አስጠነቅቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሽምግልና በተጠራሁበት አንድ ቤት ስደርስ ወለሉ ተነስቶ፣ ፍርስራሹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ተጥሎ፣ አዲሱ ሊሾ ፈስሶ ነበር። ባለቤቱ ቅብ እንዳልተቀባ ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ባለሙያ ሁለት ጊዜ መቀባቱን ይምላል። የሚታይ ነገር ስላልነበረ ሁለቱንም ማመንም አለማመንም አልቻልኩም፤ ባለቤቱ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ሁለት ጊዜ ከፍለው ቀሩ። ከሕግም አንጻር ቢሆን ቁጥር 1772 የሌላውን ወገን አለመፈጸም ለመቃወም በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል፤ በቁጥር 1774 በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ መወሰን ይቻላል፤ በቁጥር 1777 ደግሞ ባለዕዳው ሊሠራው የገባበትን ሥራ በእሱ ወጪ ለማሠራት ባለመብቱ ሊፈቀድለት ይችላል። ሳያስጠነቅቁ ያፈረሱት ወለል ባለሙያው «ዕድል ቢሰጠኝ አስተካክለው ነበር» እንዲል በር ይከፍትለታል።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ቀሪውን 50,000 ብርም ሆነ ጭማሪውን አሁን አይክፈሉ፤ «ግማሹን ልላክለትና ይመለስ» የሚለውን የወንድምዎን ሐሳብም አይቀበሉ። ከዛሬ ጀምሮ ከባለሙያው ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሱም በጽሑፍ። በስልክ የተነጋገራችሁት ነገር ካለ ወዲያው «ቅድም እንደተነጋገርነው» ተብሎ ይጻፍ። ቁጣ፣ ስድብ፣ «አሳይሃለሁ» የሚል ቃል እንዳይገባበት፤ መልእክቱን ነገ የሚያነብበው ዳኛ ወይም ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ለባለሙያው በቴሌግራም ይላክ፤ በወረቀትም ተጽፎ በምስክር ፊት ይሰጠው። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«መታጠቢያ ቤቱን ቁሳቁሱን ጨምሮ በ180,000 ብር ለማደስና ወደ ታችኛው ቤት የሚፈስሰውን ውሃ ለማቆም ተስማምተን እስከ ዛሬ 130,000 ብር ተቀብለዋል። ውሃው አሁንም እየፈሰሰ ነው፤ ሥራውም አልተጠናቀቀም። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መሐንዲስ ባለበት የቧንቧና የወለል ፈተና ስለሚደረግ እንዲገኙ እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጉድለት ሆኖ ከተገኘ ከፈተናው ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክለው እንዲያስረክቡ፣ ያለዚያ በሌላ ባለሙያ አሠርቼ ወጪውን ከቀሪው ሂሳብዎ የምቀንስ መሆኑን አስታውቃለሁ። በወጥ ቤቱ ስለተሠራው ተጨማሪ ሥራ ዝርዝር ዋጋ ቢያቀርቡ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳያወጧት። ስልክ ማንሳት የተወ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ከስድብና ከዕዳ ነው፤ የሚገባውን ጥቂት እንደማይነፈግ ሲያውቅ ይመጣል። በፈተናው ቀን ባይመጣም ፈተናው ይደረግ፤ ሁለት ጎረቤቶች ወይም የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ተወካይ ይገኙ፤ ቆጣሪው፣ የእርሳሱ ምልክትና የታችኛው ኮርኒስ በቪዲዮ ይቀረጹ፤ መሐንዲሱ ያየውንና ማስተካከያው የሚፈጀውን ወጪ በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርም።

ከመጣ በኋላ ክርክሩን ከቃል ወደ ሂሳብ ያውርዱት። በምሳሌ ላሳይ። የወጥ ቤቱ ሥራ 9,000 ብር ነው ብንል የሥራው ጠቅላላ ዋጋ 189,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ የተከፈለው 130,000 ብር ሲቀነስ ለባለሙያው 59,000 ብር ይቀረዋል። ወለሉን አንስቶ፣ ቅብ ቀብቶ እንደገና ለማልበስና የቀረውን ሥራ ለመጨረስ 62,000 ብር፣ የጎረቤትን ኮርኒስ ለማደስ 8,000 ብር ቢያስፈልግ፣ ባለሙያው ለእርስዎ ሊመልስ የሚገባው 11,000 ብር ብቻ ነው። እርስዎ 260,000 ብር፣ እሱ ደግሞ 95,000 ብር እየጠየቃችሁ የተጣላችሁበት ጉዳይ በትክክል ሲለካ እዚህ ይደርሳል። ቁጥሮቹ በእርስዎ ቤት ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መሐንዲሱ ወጪውን ከጻፈ በኋላ ግን በዚህ መንገድ ይሰላ። ገንዘቡ በእጅዎ መቅረቱም ትልቁ ጉልበትዎ እንደሆነ ከዚህ ይታያል፤ 50,000 ብሩን አስቀድመው ከከፈሉት 61,000 ብር ለማስመለስ የሚሮጡት እርስዎ ይሆናሉ።

ባይስማማ ሦስት መንገዶች አሉ። ሁለታችሁም የምታምኗቸው ሽማግሌዎች፣ አንደኛው የግንባታ ሙያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ተቀምጠው ስምምነቱን በጽሑፍ አድርገው ቢያስፈርሙ ለእንዲህ ያለው መጠን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ለዕርቅ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ፍርድ ቤት መሄድም ይችላሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 የውል ክስ መደበኛው የይርጋ ጊዜ (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) 10 ዓመት በመሆኑ በጊዜ ማጣት የሚያስቸኩልዎት ነገር የለም። ዳኝነት፣ ጠበቃና ቀጠሮ የሚወስዱትን ገንዘብና ጊዜ ግን ከሚያስመልሱት ጋር ያመዛዝኑ፤ ለ11,000 ብር ክስ አልመክርም። ለ60,000 ወይም ለ70,000 ብር ግን፣ የመሐንዲሱ ጽሑፍና ማስጠንቀቂያው በእጅዎ ካለ፣ እመክራለሁ። ባለሙያው የንግድ ፈቃድ ያለው ከሆነ ለንግድ ቢሮ አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል፤ ፈቃድ ከሌለውና የሚታወቅ አድራሻም ከሌለው ግን ፍርድ ቢያገኙ እንኳ የሚፈጸምበት ንብረት ማግኘት ያስቸግራል። ከመክሰስዎ በፊት የሚኖርበትን ትክክለኛ አድራሻ ማወቅዎን ያረጋግጡ።

ከውጭ አገር ሆነው የሚከራከሩ በመሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምዎ ስለእርስዎ ሆነው እንዲከራከሩና እንዲታረቁ ውክልና ያስፈልጋቸዋል። ውክልናውን ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ አስረጋግጠው ይላኩ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። በውክልናው ላይ «የመክሰስ፣ የመከሰስ፣ የመታረቅና ገንዘብ የመቀበል» ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ፤ የመታረቅ ሥልጣን ሳይጻፍ ቀርቶ በሽማግሌ ፊት የተደረሰ ስምምነት ሲንጠለጠል አይቻለሁ። ከባለሙያው ጋር የተዋዋሉት በራሳቸው ስም ወንድምዎ ከሆኑ፣ ገንዘቡም ከእሳቸው ሂሳብ የወጣ ከሆነ ደግሞ፣ ከሳሽ ሊሆኑ የሚገባቸው እሳቸው ናቸውና ማስጠንቀቂያውም በእሳቸው ስም ይጻፍ።

ሥራው በመጀመሪያው ባለሙያም ይሁን በሌላ ሲቀጥል፣ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ቀን እንዲቆም ያስገድዱ። በመጀመሪያው ቀን ቧንቧው በግፊት ይፈተን፤ በሁለተኛው ቀን ቅቡ ደርቆ ውሃ ይታቆርበትና 24 ሰዓት ይቆይ፤ ሁለቱም በፎቶ ይያዙ። ከዋጋው አንድ አሥረኛ ያህል እጅዎ ላይ ይቆይና፣ ቤቱ ሥራ ላይ ውሎ አንድ ወር ሙሉ የጎረቤትዎ ኮርኒስ መድረቁ ከታየ በኋላ ይከፈል። ይህ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአንዲት ወረቀት ተጽፎ ሁለታችሁ ፈርሙበት፤ እናትዎ ሌላ ነገር ማሠራት ቢፈልጉም ባለሙያው አስቀድሞ ለእርስዎ ጽፎ ዋጋውን ካላሳወቀ ጭማሪ እንደማይከፈለው እዚያው ላይ ይስፈር።